ዴቪድ ቦዊ በካሜራ ፊት፦ የሚታየው ማን ነው? ምስሉስ የማን ነው?

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም 72 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቧል። ኮንሰርቱ «ላይቭ ኤይድ» ይባላል። ዓላማው እኛ ዛሬም «ሰባ ሰባት» እያልን በምንጠራው ረሃብ ለተጎዳው የኢትዮጵያ ሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። መድረክ ላይ ለወጣ ሙዚቀኛ ሁሉ የተሰጠችው ሰዓት አጭር ናት፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ። ኩዊን የሚባለው ባንድ ስታዲየሙን አናውጦ ከወረደ በኋላ ተራው የዴቪድ ቦዊ ሆነ። ቦዊ አራት ዘፈን ዘፈነ። አምስተኛም አዘጋጅቶ ነበር፤ እሱን ግን ትቶታል። በአምስተኛው ዘፈን ፋንታ በትልቁ ስክሪን የታየው ሲቢሲ የተባለው የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ኢትዮጵያ መጥተው የቀረጹት የረሃብ ምስል ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች የምንወደው አንድ ቃል አለን፤ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ይባላል። አንዱን ለማግኘት ስትሉ የተዋችሁት ሌላው ነገር ማለት ነው። የአንድ ውሳኔ ዋጋ ከኪስ በወጣው ብር ብቻ ሳይሆን በቀረባችሁም ነገር ይለካል። እስቲ አስቡት፤ በዚያን ቀን ከዌምብሌይ መድረክ የበለጠ ውድ የቴሌቪዥን ደቂቃ በዓለም ላይ አልነበረም። ሥርጭቱ በሳተላይት ከመቶ በላይ አገሮች ገብቷል። ዘፋኝ እንዲህ ያለ ደቂቃ ሲያገኝ ይዘፍንበታል እንጂ ለሌላ አይለቅም።

ቦዊ ለምን ለቀቀ? «ደግ ሰው ስለነበረ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሰውየው በፊልምና በኮንሰርት ቪዲዮ ያሳለፈውን ሃምሳ ዓመት ገደማ ሳይ ሌላም ነገር ይታየኛል። ቦዊ ስክሪን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከብዙዎቹ ቀድሞ የገባው ሰው ነበር። ማን ይታያል፣ እንዴት ይታያል፣ የታየውስ ነገር የማን ንብረት ነው የሚሉት ጥያቄዎች በሥራው ውስጥ ሁሉ አሉ።

ከሥዕል የወጣው ልጅ

ስሙን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ዴቪድ ቦዊ በ1947 ለንደን ውስጥ ብሪክስተን በሚባል ሰፈር የተወለደ እንግሊዛዊ የሮክ ሙዚቀኛ ነው። (በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቤተሰብ ስሙ ዴቪድ ጆንስ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ዴቪ ጆንስ የሚባል ሌላ ዘፋኝ ስለነበረ «ቦዊ»ን ለራሱ አወጣ። እኛ አካባቢ ከዘፈኖቹ ይልቅ የሶማሊያዊቷ ሞዴል የኢማን ባል እንደነበር የሚያውቀው ሰው ሳይበዛ አይቀርም።

የመጀመሪያ የፊልም ሥራው በ1967 የተቀረጸው «ዘ ኢሜጅ» ነው፤ 14 ደቂቃ ገደማ የሚረዝም ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም። ርዕሱ «ምስሉ» እንደማለት ነው። አንድ ሠዓሊ የሣለው ወጣት ከሥዕሉ ወጥቶ ያሳድደዋል፤ ሠዓሊው ሊገድለው ቢሞክርም ወጣቱ ተመልሶ ይመጣል። ወጣቱ ቦዊ ነው። ፊልሙ ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። የሚገርመው አጋጣሚው ነው፦ ገና በሃያ ዓመቱ የተሰጠው ሚና «ምስል» መሆን ነበር።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ቦዊ ከሊንድሲ ኬምፕ ዘንድ ማይም፣ ማለትም ያለ ንግግር በሰውነት ብቻ መተረክን ተማረ። ይኼ ትምህርት በኋላ ካሜራ ፊት ሲቆም ጠቅሞታል። ብዙ ዘፋኝ ፊልም ላይ ሲወጣ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ቦዊ ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ መቆም ይችል ነበር።

ከዚያ ዚጊ ስታርደስት መጣ። ቦዊ በ1972 የፈጠረው ቀይ ፀጉር ያለው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስል የሮክ ኮከብ ገጸ ባሕርይ ነው። ሕዝቡ ቦዊንና ዚጊን መለየት እስኪያቅተው ድረስ ወደደው። ሐምሌ 3 ቀን 1973 ለንደን በሚገኘው ሃመርስሚዝ ኦዲዮን አዳራሽ የመጨረሻው ኮንሰርት ሲደረግ፣ ቀደም ሲል በቦብ ዲላን ላይ ፊልም የሠራው አሜሪካዊው ዲ.ኤ. ፔኔቤከር ካሜራዎቹን ይዞ ገብቷል።

ያ ፊልም ዛሬም ይገኛል። ምስሉ ጨለም ያለ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከቀይ መብራትና ከላብ በቀር ምንም አይታይም። ግን ማለቂያው አካባቢ ቦዊ ማይኩን ይዞ ይኼ ከዚህ በኋላ የማይደገም የመጨረሻ ኮንሰርት መሆኑን ሲናገር የአዳራሹ ጩኸት ሌላ ይሆናል። ጊታሪስቱ ሚክ ሮንሰን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ቤዝ የሚጫወተውና ድራመሩ ግን አልተነገራቸውም፤ የባንዱን ማብቃት ከተመልካቹ ጋር እኩል ሰሙት።

በገበያ ቋንቋ ይኼ ገና እየተሸጠ ያለን ዕቃ ከመደርደሪያ ማውረድ ነው። ማንም ነጋዴ አይመክረውም። ለባንዱ ልጆችም ጭካኔ ነበረበት፤ እንጀራቸው ነው የተቋረጠው። ቦዊ ግን ዚጊ ሲያረጅ ሕዝቡ እንዲያይ አልፈለገም። ፊልሙ በሰፊው ሲኒማ ቤት የገባው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1983 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ዚጊ ናፍቆት ሆኖ ቆየ። ብርቅ የሆነ ነገር ዋጋው ይጨምራል፤ እንኳን ሙዚቃ ጤፍም እንደዚያው ነው።

ውሃ ፍለጋ የመጣው እንግዳ

በ1975 መጀመሪያ ቢቢሲ «ክራክድ አክተር» የሚባል ዘጋቢ ፊልም አሳየ። አላን ዬንቶብ አሜሪካ ድረስ ሄዶ የቀረጸው ነው። ቦዊ በዚያን ጊዜ ኮኬይን ውስጥ ገብቶ አጥንቱ ቀርቷል። በመኪና የኋላ ወንበር ተቀምጦ ወተት እየጠጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ራሱን ወተት ውስጥ እንደገባች ዝንብ እንደሚያይ ይናገራል።

ያንን ዘጋቢ ፊልም ኒኮላስ ሮግ የሚባለው ዳይሬክተር አየና ለሚቀጥለው ፊልሙ የሚፈልገውን ሰው አገኘ። በ1976 የወጣው «ዘ ማን ሁ ፌል ቱ ኧርዝ» (ወደ ምድር የወደቀው ሰው) እንዲህ ነው የተወለደው። በእኔ ግምት የቦዊ ትልቁ የፊልም ሥራ ይኼ ነው።

ታሪኩን ልብ በሉልኝ። ቶማስ ኒውተን ከሌላ ፕላኔት ይመጣል። አገሩ በድርቅ እያለቀች ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ውሃ ጠምቷቸዋል። ምድር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው የፓተንት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ነው! የአገሩን ቴክኖሎጂ በስሙ አስመዝግቦ ትልቅ ኩባንያ ያቋቁማል፤ ዕቅዱ በገንዘቡ መንኮራኩር ሠርቶ ወደ ቤተሰቡ መመለስ ነው። አይሳካለትም። ሰዎች ይይዙታል፣ ይመረምሩታል፣ ንብረቱን ይወስዱበታል፤ እሱም በመጠጥ ይጠፋል። ቤተሰቡ በረሃ ላይ ወድቆ የሚታይባቸው ምስሎች አሉ፤ እኛ አገር ያደገ ሰው እነሱን ሲያይ እንደ ሌላው ዓለም ተመልካች በምናብ ብቻ አያልፋቸውም።

ቦዊ ኒውተንን የተወነው ራሱን ሆኖ ነው ማለት ይቻላል። ከፊልሙ የተወሰዱ ፎቶዎች «ስቴሽን ቱ ስቴሽን» እና «ሎው» ለተባሉት አልበሞቹ ሽፋን ሆኑ። በራሱ ኑሮም የባለቤትነት ጥያቄ ነበረበት። ከማናጀሩ ከቶኒ ዲፍሪስ ጋር በ1975 ሲለያይ፣ ማናጀሩ ከዘፈኖቹ ገቢ ድርሻ ይዞ ነው የቀረው። ወጣት ሳለ የፈረመው ወረቀት ለዓመታት ተከትሎታል።

1983፦ ማን ይታያል?

1983 ቦዊ በየስክሪኑ ያለበት ዓመት ነው። ግን ከፊልሞቹ በፊት አንድ ቃለ ምልልስ ልጥቀስ። ኤምቲቪ የሚባለው የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያ በዚያን ጊዜ አዲስ ጉልበት ነው፤ እዚያ ያልታየ አልበም አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ይከብደዋል። ቦዊ ስለ አዲሱ አልበሙ እንዲያወራ ተጋብዞ ሳለ ጋዜጠኛውን ማርክ ጉድማንን ራሱ ይጠይቀው ጀመር፦ ጣቢያችሁ ላይ ጥቁር ሙዚቀኞች ለምን አይታዩም? ያሉትስ ጥቂቶች ለምን ሰው በተኛበት በሌሊት ይተላለፋሉ? ጉድማን ትንንሽ ከተሞች ያሉ ተመልካቾች ምን ይወዳሉ የሚለውን ማሰብ አለብን ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ቦዊ አልለቀቀውም፤ ጥቁር ወጣቶችስ የአሜሪካ ተመልካች አይደሉም ወይ ብሎ መለሰለት።

ዕቃውን ሊያስተዋውቅለት የቆመውን ሰው በራሱ ስቱዲዮ ማፋጠጥ ለገበያ ጥሩ አይደለም። ደሞ ወሬ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት በወጣው «ሌትስ ዳንስ» ቪዲዮ ዋናዎቹ ሰዎች ሁለት ወጣት የአውስትራሊያ አቦርጂኖች ናቸው። ታሪኩ የእነሱ ነው፤ ቦዊ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ጊታሩን ይዞ ይታያል።

ጃፓናዊው ዳይሬክተር ናጊሳ ኦሺማ የሠራው «ሜሪ ክሪስማስ ሚስተር ሎውረንስ»ም በ1983 ነው የወጣው። ኦሺማ ቦዊን ያየው ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ «ዘ ኤሌፋንት ማን» በሚለው ቴአትር ሲተውን ነበር። በዚያ ቴአትር ቦዊ የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው ያለ አንዳች ሜካፕ፣ በሰውነቱ አያያዝ ብቻ ነው የተጫወተው። በፊልሙ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃቫ ላይ በጃፓኖች የተማረከ ወታደር ነው። ሌላ ምርኮኛ ሊገደል ሲል ከተራው ወጥቶ ቀስ ብሎ ይሄድና የካምፑን አዛዥ ጉንጩን ይስመዋል። አዛዡን የተወነው የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው ሪዩቺ ሳካሞቶ ነው። አንድ ቃል የለም፤ ግን የካምፑ ሥርዓት በዚያች ቅጽበት ይናጋል። ያ የማይም ትምህርት እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የከፈለው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ባጭሩ ልለፋቸው። በ1986 ጂም ሄንሰን በሠራው «ላቢሪንዝ» የጎብሊኖች ንጉሥ ሆነ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከሰረ፤ በቪዲዮ ካሴት ግን አንድ ትውልድ አሳደገ። በ1988 በማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ጲላጦስን ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ። በ1996 «ባስኪያ» በሚለው ፊልም ሠዓሊውን አንዲ ዋርሆልን ሲተውን ያጠለቀው ዊግ የዋርሆል የራሱ ነበር። በ2006 ክሪስቶፈር ኖላን «ዘ ፕሬስቲጅ» ላይ ኒኮላ ቴስላን እንዲሆንለት ሲጠይቀው መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ኖላን ራሱ ሄዶ ለምኖ አሳመነው። ቴስላ ማለት ዓለምን የለወጠ ፓተንት አስመዝግቦ ገንዘብ ሳይተርፈው የሞተ ሰው ነው።

ቦንድ የሸጠው ዘፋኝ

እኛ ቦንድን ከህዳሴው ግድብ ነው በደንብ የተዋወቅነው። ቦዊ በ1997 ባንከር የሆነውን ዴቪድ ፑልማንን ይዞ በዘፈኖቹ ላይ ቦንድ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከ1990 በፊት የወጡት 25 አልበሞች ወደፊት የሚያስገቡት ሮያሊቲ መያዣ ይሆናል፤ ገዢው ገንዘቡን ዛሬ ይሰጣል፤ ቦዊ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ7.9 በመቶ ወለድ ጋር ይከፍላል። ፕሩደንሻል የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ሙሉውን በ55 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከገንዘቡ ከፊሉን የቀድሞ ማናጀሩ ይዞት የነበረውን ድርሻ መልሶ ለመግዛት እንዳዋለው በሰፊው ተጽፏል።

በመሃል ሰዎች ሙዚቃን ከኢንተርኔት በነጻ ማውረድ ሲጀምሩ፣ በ2004 ሙዲስ የተባለው ድርጅት የቦንዱን ደረጃ ከወራዳዎቹ አንድ እርከን ብቻ ከፍ ወዳለ ቦታ አወረደው። ያም ሆኖ ዕዳው በ2007 ተከፍሎ አለቀ፤ መብቱም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ቦዊ ዘፈኖቹን አልሸጠም፤ አስይዞ ተበደረና መልሶ ወሰዳቸው። የዘፈን ጽሑፍ መብቱን በ2022 የሸጡት ወራሾቹ ናቸው፤ የተዘገበው ዋጋ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ምስሉንም እንዲሁ እስከ መጨረሻዋ ቀን አልለቀቀም። በ2003 ደብሊን የተቀረጸው የ«ሪያሊቲ» ኮንሰርት ላይ እየሳቀ የሚዘፍን ጤነኛ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጀርመን ውስጥ ልቡን ታመመና ጉዞውን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ የታየው ሲፈልግ ብቻ ነው። «ላዛረስ» የሚለው ቪዲዮ በጃንዋሪ 2016 ሲወጣ ዓይኑ በፋሻ ታስሮ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላው እየተራመደ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይዘጋል። ሰው የገባው ከሦስት ቀን በኋላ መሞቱ ሲሰማ ነው። ሕመሙን ማንም ፓፓራዚ አልሸጠበትም፤ ራሱ ቀርጾ ራሱ ለቀቀው።

አምስተኛው ዘፈን

አሁን ወደ ዌምብሌይ እንመለስ። ፊልሙ ለቦዊ የታየው ከኮንሰርቱ በፊት ነው። ሰዓቱ ስለሞላ ማስገቢያ ቦታ አልነበረም፤ «ከእኔ ዘፈን አንዱን አውጡና እሱን አሳዩ» ያለው እሱ መሆኑን አዘጋጆቹ ይናገራሉ። ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ አስተዋወቀው። ተራኪ የለውም፤ ዘ ካርስ የሚባለው ባንድ «ድራይቭ» በሚለው ዘፈኑ ሥር የተደረደሩ ምስሎች ናቸው። የሚነሱ የማይመስሉ ሕፃናት፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሬሳዎች። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ስልክ መጨናነቅ የጀመረው፣ ገንዘቡም ያሻቀበው ከዚያ በኋላ እንደሆነ አዘጋጆቹ ይመሰክራሉ። በጠቅላላው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበ ይነገራል።

በአጭር ሒሳብ ካየነው፣ ቦዊ በስክሪን ላይ ካሳለፈው ጊዜ ሁሉ ብዙ ሰው የጠቀመችው እሱ ያልታየባት ጥቂት ደቂቃ ናት። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል፤ ምስጋናውንም አልነፍገውም።

ግን የባለቤትነት ጥያቄው እዚህ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። በዚያ ፊልም ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ ያለች አንዲት ሕፃን አለች። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። ትሞታለች ተብላ ነበር፤ ተርፋ አድጋ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው የ«ላይቭ 8» ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆማለች። ሕፃን ሳለች ፊቷ ከመቶ በላይ አገር ሲታይ እሷንም ቤተሰቧንም ማን አስፈቀደ? በዚያ ሁኔታ ፈቃድ መጠየቅስ ምን ትርጉም አለው? መልሱ ቀላል አይደለም። ምስሉ ባይታይ ኖሮ ብዙ ሰው ይሞት ነበር። መታየቱ ደግሞ ዋጋ አስከፍሏል፤ ፊልሙ ረሃቡን ያሳያል እንጂ ጦርነቱንና የደርግን ፖሊሲ አያሳይም። ስለዚህ ዓለም ኢትዮጵያን ምክንያት የሌለው ረሃብ አድርጎ ያዛት። ውጭ አገር የሚኖር ስንቱ ወገናችን ነው «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲል በሐዘኔታ የታየው?

ቦዊ ምስሉን ለመቆጣጠር ጠበቃ፣ ባንከር፣ ዳይሬክተርና ጊዜ ነበረው። ይኼ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ትምህርት ነው። የእሱን ደቂቃ ለሰባ ሰባቱ ሰዎች ሰጠ፤ ባለቤትነትን ግን ሊሰጣቸው አይችልም ነበር። እሱን የሚሰጥ ሕግና አቅም ነው።

ሕጉ በወረቀት ደረጃ እኛም አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፋኝ የመድረክ ሥራ ያለ ፈቃዱ እንዳይቀረጽ መብት ይሰጣል። አቅሙ ነው የሚቀረው። ዛሬ አንድ ወጣት ዘፋኝ ክለብ ውስጥ ሲጫወት ሃያ ስልክ ይቀርጸዋል፤ በማግስቱ በማያውቀው ቻናል ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ ማስታወቂያው የሚያስገባውን ሳንቲም ግን አያያትም። ፕሮዲዩሰር ጋር ሲሄድም የሚሰጠውን ወረቀት አንብቦ ሳይጨርስ ይፈርማል፤ ምክንያቱም ቸግሮታል።

የቦዊን ፊልሞች ማየት ለሚፈልግ የእኔ ምክር ሦስት ነው፦ የ1973ቱን የዚጊ ኮንሰርት፣ ውሃ ፍለጋ የመጣውን ኒውተንን፣ ከዚያ የላይቭ ኤይዱን። ሦስተኛውን ስታዩ አራተኛው ዘፈን ሲያልቅ አታጥፉት። ቀጥሎ የሚመጡት ፊቶች የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ስማቸው እንኳን አልተመዘገበም።